ወረርሽኙ «ቤት ዋሉ»፣ ሙቀቱ «ውጡ» ሲል

እ.ኤ.አ. 2020 ላይ ዓለም በኮቪድ ቤቱ ተከቶ ሳለ፣ አሜሪካ፣ አሪዞና ያለችው ፊኒክስ በዚያው ዓመት 53 ቀን 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት አሳለፈች። ቤት ዋሉ ይባላል፣ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) የሌለው ቤት ግን ምጣድ ነው። ድሮ ሰው ገብቶ የሚቀዘቅዝበት ቤተ መጻሕፍትና የገበያ አዳራሽ ደግሞ ያኔ ተዘግቶ ነበር።

ሁለቱ ምክሮች ከተጋጩባችሁ የቱን ትሰማላችሁ? እኔ ሙቀቱን አስቀድማለሁ። ቫይረስ ቢይዛችሁም ለመታከም ቀናት ይሰጣችኋል፤ ሙቀት ግን አቅመ ደካማን በሰዓታት ውስጥ ይጥላል። ስለዚህ ቤቱ ካላስቻለ ማስክ አድርጋችሁ ውጡ።

ወዴት? ሰፊ ቦታ። ፊኒክስ መጠለያ ለሌላቸው ሰዎች ትልቁን የስብሰባ ማዕከሏን ከፈተች፤ ነገሩ ገብቷታል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ኤሲው ያንኑ አየር ነው የሚያዞረው፣ አንዱ ሲያስል ሁሉም ይተነፍሰዋል። የቀበሌ ወይም የእድር አዳራሽ የምታዘጋጁ ከሆነ ወንበሮቹን በ2 ሜትር አራርቁ፣ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ክፈቱ፣ ውሃውን ለየሰው በየጠርሙሱ አድርጉት። በአንድ ጣሳ መቀባበል ይቅር።

ኒውዮርክ ሌላ መንገድ ሞከረች፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አረጋውያን ከ70 ሺህ በላይ ኤሲ በነፃ ቤታቸው ድረስ አስገባች። የመብራት ክፍያ ድጎማ አብሮ ካልመጣ ግን ሰው ሂሳቡን ፈርቶ ማሽኑን ያጠፋዋል። የህንዷ አህመዳባድ ደግሞ የድሆችን ጣሪያ ነጭ ታስቀባለች። ለእኛ ቆርቆሮ ቤት የሚመቸው ይሄ ይመስለኛል።

ቤት ለምትውሉ፦ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ መጋረጃና መስኮት ዝጉ፣ ማታ ውጪው ሲቀዘቅዝ ክፈቱ። የታመመ ሰው ካለ ቬንትሌተሩን (ማራገቢያውን) ከእሱ ወደ እናንተ እንዲነፍስ አታድርጉ፤ መስኮቱ ጋ አስቀምጣችሁ ወደ ውጪ አዙሩት። ክፍሉ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ቬንትሌተር ሰውነትን የባሰ ያሞቃል፣ ያኔ የሚያዋጣው የረጠበ ጨርቅና ውሃ ነው።

አሁን ዋናው። አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ በሐምሌ 1995 እ.ኤ.አ. ከ700 ሰው በላይ በሙቀት ሞተ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ፤ ሌባ ፈርተው በርና መስኮት የዘጉም ነበሩባቸው። ወረርሽኝ ሲጨመርበት ደግሞ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ራሱ ይጠፋል። እድራችሁ ብቻቸውን የሚኖሩትን መዝግቦ በቀን ሁለቴ ይደውል። ሲደወል ግን «ደህና ነዎት?» ማለት ዋጋ የለውም፣ የኛ ሽማግሌ ምንም ቢሆን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። እኔ ጎረቤቴን እንዲህ ነው የምጠይቃቸው፦

«እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ?»

«ኧረ ቡና ጠጥቻለሁ ልጄ።»

«ውሃ ነው ያልኩዎት እኮ! መስኮቱስ?»

«ዝንብ ይገባል ብዬ ዘጋሁት።»

በቃ፣ ጀሪካን ይዤ በራቸው ላይ ነኝ። ማስክ አደርጋለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ሲጠጡ አይቼ እወጣለሁ።

አንድ ሰው ገላው ከጋለ ኮሮና ነው ብላችሁ ብቻ አትሽሹት። ሙቀት ውስጥ የዋለ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ሙቀት መትቶት ሊሆን ይችላል። የምርመራ ውጤት አትጠብቁ፣ ፓራሲታሞልም ይህን አያበርደውም። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉ፣ ገላው ላይ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ውሃ አታፍሱ። ሌላው ሰው በዚያው ቅጽበት አምቡላንስ ይጥራ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀሉ 907 ነው።