ወንድምህ ምስጢሩን ሲነግርህ፦ ደሴም ሁን ወልድያ

ወንድምህ ወንድ እንደሚያፈቅር ከነገረህ ለማንም አትንገር። ለእናትህም ቢሆን። እህትህም ብትሆን ያው ነው፤ ለማንና መቼ እንደሚነገር የሚወስነው ባለቤቱ ነው። በእኛ አገር ቡናው በረካ ሳይደርስ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል፣ አንድ ቃል ካመለጠህ ማታ ቅሬው (እድሩ) ሁሉ ይሰማዋል።

ከዚያ "አብሽር፣ ወንድሜ ነህ" በለው። "ማን አስለመደህ?" የሚለውን ጥያቄ ተወው። በሽታ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። ስለዚህ ጸበል መውሰድም ሆነ ቶሎ መዳር አይለውጠውም፣ መዳሩ እንዲያውም ምንም የማታውቅ ሴት ልጅ ይጎዳል።

የመንግሥት ድጋፍ ካልከኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ለዚህ ተብሎ የተከፈተ ቢሮ የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ከአንድ ጾታ ሰው ጋር የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን በእስራት ያስቀጣል። ቀበሌም ወረዳም ሄደህ ጉዳዩን አታንሳ። ግን መታወቂያና ሕክምና እንደማንኛውም ዜጋ ይገባዋል፣ ስለ ፍቅር ሕይወቱ ሳይናገር ያገኘዋል። የኤችአይቪ ምርመራ በጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ መድኃኒቱም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ሐኪም የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ካርድ ክፍል የተቀመጠችው የጎረቤት ልጅ ከሆነች ግን ኮምቦልቻ ወርዶ ቢታከም ይሻለዋል።

አብዝተህ ልትጠነቀቅበት የሚገባው ማስፈራራት ነው። በቴሌግራም ተዋውቀው ይቀጥሩታል፣ ስልኩን ይነጥቁታል፣ ከዚያ "ካልከፈልክ ለቤተሰብህ እንነግራለን" ይሉታል። አትክፈሉ። አንዴ የተከፈለው ሰው ይመለሳል። የማስፈራሪያውን መልእክት ስክሪንሾት አንሥታችሁ ያዙና ፖሊስ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበል ራሱ ወንጀል ነው፣ ግን አቤቱታው ወንድምህን እንዳያሳስረው አጻጻፉን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ቢያዝስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ያለመናገር መብት ሰጥቶታል፣ በ48 ሰዓት ውስጥም (የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር) ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። መደብደብ በማንም ላይ ክልክል ነው። መያዙን ሰምተህ እንደሆነ ዝም ብለህ ቤት አትቀመጥ፣ ምሳ ቋጥረህ ሂድ። ጠያቂ ያለው እስረኛና የሌለው እስረኛ እኩል አይያዙም።

ለቤተሰብ ልንገር ካለ ሁሉንም በአንድ ቀን ሰብስቦ አይሁን፣ በተለይ በበዓል። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተዋዶ ይኖራል፣ ስለዚህ ልዩነት ችሎ የኖረ አንድ አክስት ወይም አጎት አይጠፋም፤ መጀመሪያ ለእሱ ወይም ለእሷ ይነገር። ግን አባት ቢቆጣና ከቤት ቢያባርረው የት እንደሚያድር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን ከዚያ በፊት አንተ ጋ ያስቀምጥ።