ኤርዝ እያለ የኤሌክትሪክ ምጣዱ የሚነዝረው ለምንድነው?

ምልክቱ፦ ምጣዱ ከጋለ በኋላ ጠርዙን የነካውን ሰው ይነዝረዋል፤ በባዶ እግር ከሆነማ ይብሳል። ነሐሴ ላይ የጠፋ ይመስልና ጥር ላይ ይመለሳል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከምጣዱ ውስጥ ፌዝ (ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው ሽቦ) ወደ ብረቱ ያፈስሳል፤ ይህን ማሠራት የግድ ነው። ሁለተኛ፣ ኤርዙ፣ ማለትም ምጣዱን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው መስመር፣ ያንን ፍሳሽ ወደ መሬት አይወስድም። ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከሶኬቱ እስከ ሮዱ (መሬት ውስጥ እስከተመታው የብረት ዘንግ) መድረሱን፣ ማሰሪያውም አለመዛጉን እዩ። ሽቦው ደህና ከሆነ ጥፋቱ አፈሩ ነው።

አዳማ ላይ ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው የምንደርሰው። አሸዋና ቀይ አሽ የበዛበት መሬት ውሃ አይይዝም፤ የደረቀ አፈር ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። አንድ ግቢ ውስጥ ሮዱን በአንድ እጄ ሳብ ሳደርገው ወጣ። ዱቄት የመሰለ ደረቅ አፈር ከላዩ ረገፈ። ያንን ሮድ ወፍራም በሆነ መዳብ ብትለውጡት ለውጡ ኢምንት ነው፤ የሚያዋጣው ጥልቀትና እርጥበት ነው።

መፍትሄው ርካሽ ነው። የልብስ ማጠቢያ ውሃ የሚደፋበት አካባቢ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሩ። ሮዱን ከጉድጓዱ በታች ወዳለው እርጥብ አፈር ምቱት። ዙሪያውን ከሰል ሻጮች ጋ የሚተርፈውን የከሰል ድቃቂ ከዋልካ አፈር ጋር አቡክታችሁ ሙሉ፤ እያረሳችሁ በደንብ ጠቅጥቁት፣ ክፍተት አይቅር። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቅና ከሮዱ ይላቀቃል፤ ስለዚህ በበጋ ውሃ አይለየው። ካልበቃ ሁለተኛ ሮድ ጨምሩ፤ በመካከላቸው ቢያንስ የአንዱ ሮድ ርዝመት ያህል ይኑር።

ጨው ጨምር የሚል ሰው አይጠፋም። ለጊዜው በእርግጥ ይሠራል። ግን ዝናብ ያጥበዋል፣ ሮዱንና ማሰሪያውንም ይበላል።

በጣም የሚያስጨንቀኝ ግን ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ሶኬቱ ውስጥ ከኤርዝ ጋር ማገናኘት ነው። ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የምጣዱ አካል በሙሉ 230 ቮልት ይሆናል። በፍጹም አታድርጉት።

ጥሩ ኤርዝም ብቻውን አያድንም። ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) 10 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 23 አምፔር ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ 25 አምፔር ብሬከር በዚያ አይወርድም። በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን ወዲያው የሚያጠፋ መሣሪያ) አስገቡ። ኤርዙን ባለሙያ በኤርዝ ቴስተር ሲለካላችሁ ደግሞ በበጋ ይለካ፤ ነሐሴ ላይ ያማረ ቁጥር ጥር ላይ ላይገኝ ይችላል።