ተንቀሳቃሽ የእንጨት መደገፊያ ሲነቃነቅና ሲላላ፦ ችግርና መፍትሔ

ጣውላ ለመቁረጥ ወይም በር ለመላግ በጥንድ የምንጠቀምበት፣ አንድ አግዳሚና አራት እግር ያለው መደገፊያ አሠራሩ ቀላል ቢሆንም፣ እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ቶሎ ይላላል። ብዙዎች በላላ ቁጥር ምስማር ይጨምራሉ፤ አስቀድሞ ግን እንቅስቃሴው ከየት እንደሚነሣ መለየት ይገባል። አግዳሚውን በአንድ እጅ እየገፉ መገጣጠሚያውን በሌላው ቢዳስሱት ይታወቃል።

መገጣጠሚያው ጠንካራ ሆኖ አንድ እግር ከወለል የሚነሣ ከሆነ፦

መደገፊያውን ለጥ ወዳለ ሌላ ወለል ያዛውሩት። እዚያም ከተነሣ የእግሮቹ ርዝመት ተበላልጧል፤ ካልተነሣ ግን ጥፋቱ የቀድሞው ወለል ነው። እግሮቹን ለማስተካከል መደገፊያውን ለጥ ባለ ሲሚንቶ ላይ አቁመው ከእግሮቹ ሥር ሽብልቅ እየከተቱ አግዳሚውን በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ ከዚያም አንድ ቁራጭ እንጨት ወለሉ ላይ አጋድመው፣ እርሳሱን በላዩ እያስደገፉ የአራቱንም እግሮች ዙሪያ ካሰመሩ በኋላ በመስመሩ ይቁረጡ። ወለሉ አፈር ከሆነ ባለ ሦስት እግር መሥራት ይሻላል፤ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጎርበጥባጣ መሬት ላይም ሳይነቃነቅ የሚቆመው ሦስት እግር ምንጊዜም መሬት ስለሚይዝ ነው። ይሁንና ከጎን ሲገፋ በቀላሉ ስለሚገለበጥ ለመላጊያ ሥራ አልመክረውም።

ሲሠራ ጠንካራ የነበረው ከሳምንታት በኋላ ከላላ፦

መገጣጠሚያውን ቀረብ ብለው ይመልከቱ። የምስማሩ ራስ ከእንጨቱ ወጣ ብሎ፣ ዙሪያውም ጠቁሮ ከታየ እንጨቱ የተሠራው እርጥብ ሳለ ነው። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በወርዱና በውፍረቱ ግን ስለሚኮማተር መገጣጠሚያው ክፍተት ያበጃል። አዲስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ በዚህ ላይ ይጣመማል፤ ርካሽ ነው ብሎ ከመኪና ላይ እንደወረደ መሥራት በእኔ እምነት ድካምን በከንቱ ማባከን ነው። የወጣውን ምስማር መልሶ መምታት አይጠቅምም፤ መደገፊያውን አፍታትተው፣ እንጨቱን ዝናብና ፀሐይ በማያገኘው፣ ነፋስ ግን በሚገባበት መጠለያ ሥር፣ በየመካከሉ ስስ ቁራጭ እያስገቡ ይደርድሩት፤ ጫፎቹንም ቀለም ይቀቡ፤ እርጥበት ከሁሉም ፈጥኖ የሚወጣው በጫፍ በኩል በመሆኑ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መድረቁን ለማወቅ አንዱን እንጨት በየሳምንቱ ይመዝኑ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ሲገጥሙት በምስማር ፋንታ ብሎንና ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባ ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት) ቢጠቀሙ፣ በኋላ ቢላላ እንኳ ማጥበቅ ይቻላል።

ብሎኑ ጠብቆ ሳለ በአግዳሚው ርዝመት ወዲህና ወዲያ የሚያጋድል ከሆነ፦

አራት ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ምንም ያህል ቢጠብቅ ሲገፋ ይዘማል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ጎኑ ካልተሰበረ ቅርጹን አይለውጥም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እግር ወገብ ወደ አግዳሚው ሰያፍ ድጋፍ ይምቱ።

የእግሩ ጫፍ ከተሰነጠቀ፦

ምስማሩ ለጫፍ ቀርቧል። ከምስማሩ ቀጠን ያለ ቀዳዳ በትራፓኖ (በመሰርሰሪያ) አስቀድመው ይብሱ።

ታጣፊው መደገፊያ ጭነት ሲያርፍበት እግሮቹ እየተንሸራተቱ ከተከፈቱ፦

ማጠፊያው ብቻውን ጭነቱን አይችልም። ፊትና ኋላ ያሉትን እግሮች ከግማሽ ቁመታቸው ዝቅ ብሎ በማይለጠጥ ገመድ ወይም በሰንሰለት ያገናኙ፤ ገመዱም እግሮቹ በሚፈለገው መጠን ሲከፈቱ የሚወጠር ይሁን።