ሕመም ሲጸና፦ ጸሎቱም መድኃኒቱም እንዴት ይያዝ?

በጽኑ የታመመ ክርስቲያን ራሱን የሚለካው ደህና ሳለ በሚጸልየው ጸሎት ነው። ያኔ ሰዓት ሙሉ ይቆም የነበረ ሰው ዛሬ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ሐሳቡ ይበተናል፤ ወዲያው «እምነቴ ቀዘቀዘ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ትኩረቱን የነጠቁት የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ሕመሙ ራሱና የመድኃኒቱ ድካም ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው የጸሎቱ ሰዓትና ርዝመት ነው።

ለሦስት ቀን ያህል ሰውነትዎ መቼ ቀለል እንደሚለው ልብ ይበሉ። የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ ዋናውን ጸሎት ከዚያ በኋላ ያድርጉት፣ ተኝተውም ቢሆን። ሕመሙ ሲነሣ ረጅም ቃል አይመጣም። ያን ጊዜ የዓይነ ስውሩ የበርጤሜዎስ ጩኸት (ማርቆስ 10) ይበቃል፦ አየር ሲያስገቡ «የዳዊት ልጅ ኢየሱስ ሆይ»፣ ሲያስወጡ «ማረኝ»። ድምፅ አይጠይቅም፤ መርፌ ሲወጉም፣ የምርመራ ማሽን ውስጥ ሲገቡም ይሆናል። ማንበብ ሲያቅት ሌላ ሰው ያንብብልዎ። መዝሙር 13 ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። መዝሙር 88 ደግሞ እንደ ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች ወደ ምስጋና ሳይዞር በጨለማ ያልቃል (የግዕዙን ቁጥር በሚከተል ዳዊት 12 እና 87 ናቸው)። በሽተኛን «አታጉረምርም፣ አመስግን» እያሉ የሚያስጨንቁ ሰዎች ይህን መዝሙር ዘለውት ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ከተጸለየልዎ በኋላ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒት ማቆም ነው። ጉዳቱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል (የደም ግፊትን ለመጠበቅ የሚረዳ ሆርሞን) ማምረት ሊያቋርጥ ይችላል፤ በድንገት ከቆመ የደም ግፊት ወድቆ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ ተህዋሲው ይለማመደዋል፤ በኋላ ያው ክኒን አይሠራም። መሻል ከተሰማዎ መንገዱ በሉቃስ 17 አለ፦ ጌታ አሥሩን ለምጻሞች «ሂዱ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» አላቸው፤ መንጻትን መርምሮ የሚያረጋግጠው በሕጉ ካህኑ ነበርና። እርስዎም ክኒኑን ሳያቋርጡ ለሐኪም ይታዩ፣ ምርመራው ይደገም፣ የሚቀነስም ካለ ሐኪሙ ይቀንስ። ንጉሡ ሕዝቅያስ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ከተጨመረለት በኋላ እንኳ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ ማዘዙን (ኢሳይያስ 38) ያስቡ።

ከባድ ሕመምን በሞርፊን ማስታገስም ኃጢአት አይደለም፤ በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ለጸሎትም ለንግግርም ፋታ ይሰጣል። የሆድ ድርቀት ማምጣቱ ግን የታወቀ ነውና ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

ጾምን ከመጀመርዎ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ለሐኪሙም ለንስሐ አባትዎ ወይም ለመጋቢዎም ይንገሩ። ኢንሱሊን ወስዶ አለመብላት የደም ስኳርን ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊተር በታች ሊያወርደው ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር በውኃ ይጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። ይህን «ጾሜን አፈርሳለሁ» ብሎ ማዘግየት ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ምግብ መተው ለተከለከለ ሰው ስልክን ወይም ወሬን መተውም ጾም ነው።

ያዕቆብ 5፥14 የታመመው ሽማግሌዎችን «ይጥራ» ይላል። ሳይነግሯቸው «ቤተ ክርስቲያን ረሳችኝ» ብሎ መቀየም የተለመደ ነው። ሲጠሩ ሁለት ነገር ይለዩ፦ ምን እንዲጸለይ እንደሚፈልጉ፣ እና የበሽታው ስም ለማን እንደማይነገር። ይህ ካልተለየ የጸሎት ርዕሱ እስከ ማታ በስልክ ቡድኑ ሁሉ ይዞራል።

ጠያቂን የሚያስተናግድ አንድ ሰው ይመድቡ፤ 15 ደቂቃ ሲሞላ የሚያስነሣው እሱ ይሁን፣ እርስዎ አያፍሩ። ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ። በተለይ ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) ከተወሰደ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን በሽታን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፤ በዚያ ጊዜ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ጸሎቱ ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መኪና ውስጥ ይቀጥላል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ተቀመጡ፤ ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። «ምን በድለህ ነው?» የሚል ጠያቂ ከመጣ ዮሐንስ 9፥3ን (ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው እሱም ወላጆቹም ስለ በደሉ አይደለም የሚለውን) ያስነብቡትና ልብስ እንዲያጥብ ወይም ልጆቹን ከትምህርት ቤት እንዲያመጣ ይላኩት።

ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሳይለቅ ከቆየ፣ ወይም መሞትን የሚያስመኝ ከሆነ ለሐኪም ይነገር። ኤልያስ «ነፍሴን ውሰድ» ሲል (1ኛ ነገሥት 19) መልአኩ ያቀረበለት ምግብና ውኃ ነበር፤ ኤልያስም በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩ አልገሠጸውም።

አእምሮዎ ንጹሕ ሳለ አንድ ወረቀት ጽፈው ከአልጋው አጠገብ ያስቀምጡ፦ መናገር ቢያቅትዎ ስለ ሕክምናው የሚወስነው ሰው ስምና ስልክ፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ የማይስማማዎት መድኃኒት፣ የንስሐ አባት ወይም የመጋቢው ስልክ፣ ይቅርታ ሊጠይቋቸው የሚፈልጓቸው ሰዎች ስም። ለእነዚያ ሰዎች ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ «በዚህ ነገር በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» የሚለውን በስልክም መናገር ይቻላል። የተደወለለትን ስም በእስክሪፕቶ ይሰርዙ።