የተነሳ ካሶኒ ሲቀር፦ የሞዴል ገልባጭ አክቹዌተር ሽቦ ችግርና መፍትሄ

ለገጣፎም ገላንም ሲኖ ገልባጭን አስመስለው በሬሞት የሚሠሩ ሰዎች ካሶኒውን የሚያነሱት ባብዛኛው ባለ ሁለት ሽቦ ትንሽ አክቹዌተር (ሞተሩ ሲዞር ዘንግ የሚያወጣና የሚያስገባ ዕቃ) ነው። ውስጡ ማርሽ ያለው ሞተር፣ ጥርሳም ዘንግና ሁለት ሊሚት ስዊች (ዘንጉ ጫፍ ሲደርስ ሞተሩን የሚያቆሙ ማጥፊያዎች) አለው። ባትሪ መሙላቱን፣ ፊውዝ አለመቃጠሉንና ሶኬት መግባቱን አይታችኋል ብለን እንጀምር።

ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ

ሁለቱን ሽቦ ነቅላችሁ በቀጥታ 6 ቮልት ስጡት፤ ከዚያ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ገልብጡ። ከሠራ ጥፋቱ ከአክቹዌተሩ ውጭ ነው። ብዙ ጊዜ ሽቦውን ሪሲቨሩ (የሬሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበለው) ላይ በቀጥታ ሰክተውት ይገኛል። ከሪሲቨር የሚወጣው ሲግናል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሰከንድ የሚቆይ ምት ስለሆነ ሞተር አይነዳም። መሃል ላይ ወደፊትም ወደኋላም የሚነዳ የብረሽ ሞተር ኢኤስሲ (በሲግናሉ መሠረት ለሞተር ኃይል የሚሰጥ መቆጣጠሪያ) ያስፈልጋል። እቤት በተሠራ አክቹዌተር ላይ ደግሞ ስዊቹ በኤንሲ እግሩ (ሳይጫን መስመሩ የተገናኘ) ፈንታ በኤንኦ (ሳይጫን የተቆረጠ) ተያይዞ ሊሆን ይችላል።

ካሶኒው ሲነሳ መሪው ከተንቀጠቀጠ

ሞተሩ ኃይል የሚወስደው ከሪሲቨሩ መስመር ነው ማለት ነው። ኃይሉን ከባትሪው በቀጥታ ውሰዱ፣ ኔጋቲቩን የጋራ አድርጉ። በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል 104 የሚል (0.1 ማይክሮ ፋራድ) ካፓሲተር ሶልደር አድርጉ።

ወጥቶ ካልተመለሰ

ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ካሶኒው ይነሳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ እዚያው ይቀራል። ሰው ወዲያው "ሞተሩ ተቃጥሏል" ብሎ ሌላ ሊገዛ መርካቶ ይወርዳል። ሞተሩ ግን ደህና ነው! የጠፋችው አንዲት ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ) ናት።

ሁለቱ ስዊቾች ከሞተሩ ጋር በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ስዊች ጋር ጎን ለጎን፣ ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው የተያያዘ አንድ ዳዮድ አለ። ዘንጉ ጫፍ ሲደርስ ስዊቹን ተጭኖ መስመሩን ይቆርጣል፣ ሞተሩም ይቆማል። ፖላሪቲው ሲገለበጥ ከረንቱ መመለስ የሚችለው በዳዮዱ በኩል ብቻ ነው። ዳዮዱ ከተቃጠለ ወይም ሶልደሩ ከለቀቀ መመለሻ መንገድ የለም።

ሳትፈቱት መለካት ይቻላል። ዘንጉ ጫፍ ላይ እንዳለ ኃይሉን አጥፉ፣ ሁለቱን ሽቦ ከኢኤስሲው ንቀሉ፣ መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጉ። ለመውጣት ፖዘቲቭ የሚሆነው ሽቦ ላይ ቀዩን ስታስነኩ ምንም ማንበብ የለበትም። ቀዩን ወደ ሌላኛው ስታዞሩ ከ0.5 እስከ 0.7 አካባቢ ማሳየት አለበት። በሁለቱም በኩል ምንም ካላሳየ መንገዱ ተቆርጧል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዳዮዱ ነው። በሁለቱም በኩል ወደ ዜሮ ከቀረበ ስዊቹ መስመሩን አልቆረጠም ወይም ዳዮዱ ሾርት ሆኗል። በበጋ አቧራ፣ በክረምት መረሬ ጭቃ ስዊቹ ውስጥ ገብቶ ያጣብቀዋል።

አክቹዌተሩን ክፈቱና የዳዮዱን እግር በጥፍር ገፋ አድርጉ። ሶልደሩ ግራጫና ሸካራ ከሆነ፣ በእግሩ ዙሪያም እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀለበት ከታየች፣ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሲነቃነቅ ታዩታላችሁ። ኮረኮንች ላይ የሚነዳ ሞዴል የሚለቀው እዚያ ጋ ነው። አሮጌውን ሶልደር መጥጣችሁ በአዲስ አስይዙት፤ በላዩ ላይ መጨመር ብቻ አይበቃም።

ዳዮዱ ራሱ ከሞተ፣ ትንሽ ብርጭቆ መሳይ 1ኤን4148 እንዳትተኩበት። እሱ የሚችለው 200 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ ርካሽ አክቹዌተር ውስጥ እሱን የሚከቱ ሰዎች ገዢውን ነው የሚጎዱት። 1ኤን4007 አስገቡ፣ 1 አምፔር ይችላል። ከተጣለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሰርኪት ላይ ብዙ ጊዜ አራት ታገኛላችሁ። ተጠንቀቁ! እዚያ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በሬዚስተር ሳታራግፉ እጃችሁን አታስገቡ። ደግሞም የብርጭቆውን ቱቦ አትስበሩ፣ ሜርኩሪ አለበት።

ነጩ መስመር አሮጌው ዳዮድ በነበረበት አቅጣጫ ይሁን። ከተገለበጠ ሞተሩ ጫፍ ላይ ሳይቆም ይገፋል፣ ማርሹ ይበላል። በአንድ ጫፍ ብቻ አልቆም ካለ የዚያ ጫፍ ዳዮድ ተገልብጧል። በሁለቱም ጫፍ ከሆነ ግን ዳዮዶቹን አትንኩ፤ የተገለበጡት ሞተሩ ላይ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ናቸው፣ እነሱን ብቻ አቀያይሩ።

ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ካሶኒውን ነቅላችሁ አክቹዌተሩን በ1 አምፔር ፊውዝ በኩል አስነሱት። ዘንጉ መሃል ላይ እያለ የውጪውን ስዊች (ዘንጉ ወጥቶ ሲያልቅ የሚጫነውን) በክብሪት እንጨት ተጫኑ፦ ሲወጣ ከነበረ ይቁም፣ ስዊቹ እንደተጫነ ፖላሪቲውን ስትገለብጡ ደግሞ ይመለስ። የውስጡንም ስዊች እንዲሁ በተቃራኒው ፈትሹ።