ፓራውልት ሲሰነጠቅ በዘሩ ይበየዳል እንጂ በስቱኮ አይለሰንም

እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ከኋላ መጥቶ የኮሮላዬን ፓራውልት (የግጭት መከላከያውን) ሰነጠቀው። እንደ ማንኛውም ሰው ጋራዥ ወሰድኩት። ስንጥቁን በስቱኮ ለሰኑት፣ ቀለም ነፉበት፣ ለዓይን አዲስ መሰለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ወደ ሐረር ስወጣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሼ ሻይ ልጠጣ ቆም አልኩና ዞር ብዬ ሳየው፣ ስቱኮው ግማሹ ረግፏል፣ የቀረውም በጣቴ ስነካው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ራሴ ነው የምሠራው። የጎረቤቶቼን ጨምሮ አራት ሠርቻለሁ፣ እስካሁን አንዱም አልተከፈተም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓራውልት ይተጣጠፋል፣ የብረት ስቱኮ ግን ደረቅ ነው። በዚያ ላይ የብዙዎቹ የድሮ የጃፓን መኪኖች ፓራውልት የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን (በአጭሩ ፒፒ፣ PP) ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይሄ ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይወድም። ሱፐር ግሉም ሆነ ኢፖክሲ ላዩ ላይ ይደርቃል እንጂ አይነክሰውም። በደንብ የሚያያዘው ቀልጦ ከራሱ ዘር ጋር ሲዋሃድ ነው። የነዚያ የድሮ ፔጆ 404 ታክሲዎች ግን ብረት ስለሆነ የባትላሜራ ሥራ ነው፣ እሱን ተዉት።

መጀመሪያ ፓራውልቱን ፍቱና በኦሞ እጠቡት፣ በተለይ ከውስጥ በኩል፣ የድሬ አቧራ እዚያ ነው የሚጋገረው። ከኋላው ያለውን ብረትም እዩ። ብረቱ ከተጣመመ ፕላስቲኩን ማሳመር ጉዳቱን መሸፈን ነው፣ ቅድሚያ እሱ ይቅና። ቀጥሎ ውስጡ ላይ የታተመውን ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ። ፒፒ ካለ የምናወራው ስለሱ ነው። ፊደሉ ከጠፋ ከማይታይ ጠርዝ ቀጭን ቁራጭ ላጩና ውሃ ውስጥ ጣሉት። ፒፒ አብዛኛውን ጊዜ ይንሳፈፋል፣ ኤቢኤስ (ABS) የሚባለው ሌላው ዓይነት ፕላስቲክ ግን ይሰምጣል።

ሳይሰነጠቅ የተሰረጎደ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። የፈላ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት፣ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፉት፣ ሲመለስ ቀዝቃዛ ውሃ ድፉበት። አለቀ።

ለተሰነጠቀው የመሙያ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጦ በማቅለጡ ነው። ጀሪካን ፖሊኢታይሊን ነው፣ ቀልጦ የተያያዘ ይመስላል፣ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ቅርፊት ይነሣል። ምርጡ ከተጣለ ሌላ የፒፒ ፓራውልት የተቆረጠ ቁራጭ ነው፣ ጋራዥ ጓሮ አይጠፋም። እሱ ከታጣ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ገልብጡና ፒፒ ወይም ቁጥር 5 የሚል ምልክት ፈልጉ። ወንበር ትንሽ ድርቅ ይላል እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ግማሽ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ዘንግ አድርጋችሁ ቆራርጡት።

አሁን ሥራው። ስንጥቁ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ በትራፓኖ 3 ሚሊሜትር የምትሆን ቀዳዳ ብሱ፣ አለዚያ ነገ ከዚያው ይቀጥላል። በውጭ በኩል ሁለቱን ጠርዞች በደንብ አገናኝታችሁ በፕላስተር አስሩ። ከዚያ ገልብጡት። ሬዲዮ ጠጋኞች ስታኞ የሚያቀልጡበትን ካውያ አግላችሁ ስንጥቁን ተከትላችሁ እስከ ግማሽ ውፍረቱ የሚደርስ ቦይ አውጡ። ለመስኮት ትንኝ መከላከያ ከሚሆነው የብረት ወንፊት (የፕላስቲኩን አይደለም) ሁለት ጣት ስፋት ቆርጣችሁ ላዩ ላይ አስተኙና በካውያው ተጭናችሁ አስምጡት። ከዚያ ዘንጉን እያቀለጣችሁ ሙሉበት። ትክክለኛውን ሙቀት ዓይን ይለምደዋል፦ ፕላስቲኩ ያብለጨልጫል፣ ካውያውን ስታነሡ እንደ ማር ይሳባል። ከጨሰና ከጠቆረ ተቃጥሏል፣ ያ ክፍል ጉልበት የለውም፣ ቧጥጣችሁ አውጡትና ድገሙ። ዋናው ነገር የታችኛውም ፕላስቲክ አብሮ መቅለጡ ነው፣ ላይ ላዩን ማፍሰስ ዋጋ የለውም። ሥራው ደጅ ይሁን፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊታችሁ ወደሚወስድበት ዙሩ፣ ልጆችንም አርቁ። በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፣ ውሃ አትድፉበት። ከዚያ ፕላስተሩን ላጡና በውጭ በኩልም ቦይ አውጥታችሁ እንዲሁ ሙሉት።

የብርጭቆ ወረቀት በ80 ጀምሩ፣ በ180 አልፉ፣ በ320 ውሃ እየነከራችሁ ጨርሱ። ይሄ ፕላስቲክ ሲፋቅ ፀጉር ያወጣል። ስትቸኩሉና ሲሞቅ ይብሳል፣ ቀስ በሉ። የቀረ ትንሽ ጉድጓድ ካለ ለፕላስቲክ የተሠራውን የሚተጣጠፍ ስቱኮ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከቀለሙ በፊት ለፕላስቲክ የሚሆን ፕራይመር ግዴታ ነው፣ እሱ ከተዘለለ ቀለሙ በመጀመሪያው እጥበት ይላጣል።

ቀለም ስትገዙ የመኪናውን የቀለም ኮድ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የድሬ ፀሐይ የቆየ ቀለም ያገረጣል፣ አዲሱ ቀለም በኮዱ ቢቀመምም ይለያል። የነዳጅ መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ውሰዱና በእሱ ያመሳስሉላችሁ። ቀትር ላይ ሱቁ ተዘግቶ እንዳትመለሱም ጠዋት ሂዱ።

መቀባቱም ጠዋት ነው፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ። ፀሐይ ከበረታ ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና እጃችሁን ስታሳልፉበት እንደ አሸዋ ይሻክራል። መሬቱን ውሃ አርከፍክፉበት፣ አቧራው እንዳይነሣ። ከአንድ ስንዝር ትንሽ ራቅ ብላችሁ ስስ ስስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ንፉ፣ በየመሃሉ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከቀለሙ በላይ የሚነፋው ቀለም አልባ ማንጸባረቂያ፣ ክሊሩም፣ እንደዚያው።

ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ። ስትገጥሙት ግን በተቃራኒው መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ሩብ ሰዓት አቆዩት፣ የድሮ ፕላስቲክ ሞቅ ሲል ይታዘዛል። አንድ ሰው ሌላውን ጫፍ ይያዝላችሁ። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጎን ሂዱ፣ ሁሉም ብሎን ቦታውን ሳይዝ አንዱንም አታጥብቁ።