ጽሑፋችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት

በአማርኛ የምትጽፉ ሁሉ ይህን ሞክሩልኝ። ጽሑፉን እንደጨረሳችሁ ወዲያው አትልቀቁት። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል።

ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ቁሙ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «ሲሆን»፣ «በመሆኑም» እያልን ስንቀጣጥል አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይደክማል። እኔ «ሲሆን» ባየሁ ቁጥር እዚያው በአራት ነጥብ ለመዝጋት እሞክራለሁ። «ሱቁ ፒያሳ የሚገኝ ሲሆን ቡና ይሸጣል» ከማለት «ሱቁ ፒያሳ ነው። ቡና ይሸጣል።» ማለት እንዴት እንደሚቀል እዩት።

ሌላው ድርብ ብዙ ቁጥር ነው። «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «ቃላቶች» በየቦታው ይታያሉ። «መምህራን»፣ «ሕፃናት»፣ «ቃላት» ግን በግዕዙ መንገድ የበዙ ናቸው፤ ሌላ «ኦች» አያስፈልጋቸውም። «መምህሮች» ብትሉም ያስኬዳል። ችግሩ ሁለቱን መደረቡ ነው።

በፊደል ደግሞ አንዱን መርጣችሁ ጽኑ። «ፀሐይ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ታች ወርዳችሁ «ጸሀይ» አትበሉ። ቃሉን በስልኩ የሚፈልግ አንባቢ ግማሹን ሳያገኘው ይቀራል።